ስሙን አትፋቁበት

ባለፈው ክረምት ለንደን፣ ሄንደን በሚገኘው የእንግሊዝ አየር ኃይል ቤተ መዘክር ውስጥ ከአንድ ግዙፍ ውዳቂ ፊት ቆሜ ነበር። ሃሊፋክስ ይሉታል፤ ቁጥሩ ደብልዩ 1048 ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1942 ቲርፒትዝ የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ ሊመታ ኖርዌይ ድረስ ዘልቆ ራሱ ተመታ። አብራሪው ሆክሊንገን በተባለ በረዶ በጋገረው ሐይቅ ላይ በሆዱ አሳረፈው። ሠራተኞቹ በሕይወት ወጡ፤ በረዶው ሲከዳ አውሮፕላኑ ወደ ሐይቁ ወለል ወረደ። በ1973 ከውኃ አወጡት፤ ዛሬም ተቦዳድሶና ተጨራምቶ፣ ከሐይቁ የወጣበትን መልክ እንደያዘ አዳራሹ ውስጥ ተጋድሟል። አጠገቤ የቆመ አንድ ሰው ለልጁ፣ «ምናለ ቀለም ቢቀቡት!» አለው።

ውድ አንባቢ፣ ሙግቴ ከዚህ ሰው ጋር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ቅን ነው። ክፋቱ ቅንነቱ ላይ ነው።

ቅንነት ምን እንደሚሠራ የግብፅ በረሃ ይመስክር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 1942 ዴኒስ ኮፒንግ የሚባል የ24 ዓመት ሳጅን፣ የማረፊያ ጎማው አልታጠፍ ያለ ኪቲሃውክ አውሮፕላን ወደ ጥገና ጣቢያ ሊያደርስ ተነሣ። አቅጣጫ ሳተ። በሌላ አውሮፕላን አብሮት ይበር የነበረው ባልደረባው ምልክት ቢሰጠውም አልተመለሰም። እንደ ወጣ ቀረ። ወደ ሰባ ዓመት ገደማ አለፈና በ2012 አንድ ፖላንዳዊ የነዳጅ ኩባንያ ሠራተኛ ጠፍ ምድረ በዳ ላይ አውሮፕላኑን አገኘው። አሸዋ ቀለሙን ሞርዶ ብረቱን አንጽቶታል። አጠገቡ ልጁ ከፀሐይ የተጠለለበት የጃንጥላ ጨርቅ አለ፤ ሬዲዮውና ባትሪው ከቦታቸው ተነቅለው ወጥተዋል። ይህን ያየ ሰው የዚያን ልጅ የመጨረሻ ሰዓታት አነበበ ማለት ነው፦ አልሞተም ነበር፤ ጥላ ሠርቷል፤ ድምፁን ለማሰማት ታግሏል። ከዚያ በኋላ በእግሩ ሳይሄድ አልቀረም። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ስሙ አላሜይን ባለው የመታሰቢያ ግንብ ላይ ተቀርጿል።

እንዲህ ያለ ውዳቂ ማንነቱ የሚታወቀው እንዴት ነው? እኔን እንደ ንባብ የሚስበኝ ይኸው ነው። በጅራቱ አቅራቢያ የተጻፈው መለያ ቁጥር ከተረፈ ጥሩ፤ የዚህኛው ኢቲ 574 ነበር። ካልተረፈ ወደ ትንንሾቹ ነገሮች መውረድ ነው። የኪቲሃውክ አካሎች ላይ የተመታው ቁጥር በ87 ይጀምራል፤ ኩርቲስ ፋብሪካ ለዚህ ዓይነት የሰጠው ቁጥር ነውና። የመጀመሪያዎቹ ስፒትፋየሮች በ300 ይጀምራሉ። እናም መዳፍ የማታህል ቁራጭ ብረት የማን ዘር እንደሆነች ትናገራለች። ከዚያ የሞተሩ ቁጥር፣ የመትረየሱ ቁጥር፣ የመርማሪው ማኅተም፣ በቀለም ሥር ያለ ሌላ ቀለም ይመጣል። ይህ ሁሉ ኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ መዝገብ ቤት ከተቀመጠው የጦር ክፍሉ የዕለት ውሎ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ቀኑ፣ ቁጥሩና አብራሪው ሲገጥሙ ብረቱ የሰው ስም ያገኛል።

የብራና መጽሐፍ አገላብጦ የሚያውቅ ይህን ሥራ ለማወቅ ሄንደን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ጸሐፊው በመጨረሻው ገጽ «የጻፈውን፣ ያጻፈውን» ብሎ ስም ይተዋል። አንዳንዴ መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም በምላጭ ይፍቅና የራሱን ያስገባበታል። ቀለሙ ይጠቁራል፣ ብራናው ይሳሳል፤ ለሚያስተውል ግን ፍቀቱ ራሱ ይናገራል። ቀለም ቀቢው ከዚህ የባሰ ነው፤ ፍቀቱን እንኳ አያስተርፍም።

የኮፒንግ አውሮፕላን ይህ ደረሰበት። የእንግሊዙ ቤተ መዘክር ከበረሃው ላነሡለት ሰዎች ከስብስቡ አንድ ስፒትፋየር በክፍያ መልክ እስከመስጠት ደርሶ ነበር። አውሮፕላኑ ግን አላሜይን ባለው የጦር ሙዚየም ቀረ፤ ከዓመታት በኋላም ታድሶና ተቀብቶ፣ በዘመኑ ያልነበረ መልክ ለብሶ ለጎብኚ ቀረበ። ሰባ ዓመት አሸዋ የጻፈው በጥቂት ጣሳ ቀለም ተሸፈነ። ከእንግዲህ የሚያየው ሰው አንድ አሮጌ አውሮፕላን እንጂ አንድ የጠፋ ልጅ አያይም።

«ታዲያ እየበሰበሰ ይቅር?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። ማቆየትና ማስዋብ ለየቅል ናቸው። በ2013 ከእንግሊዝ ባሕር የወጣው የጀርመን ዶርኒየር ኮስፎርድ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲትሪክ አሲድ ሲረጭበት ነበር፤ ጨው እንዳይበላው እንጂ አዲስ እንዲመስል አይደለም። ይህ ሕክምና ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ከውዳቂ ላይ አንዲት የስም ሰሌዳ አንሥቶ፣ ዙሪያዋን በአዲስ ብረት ሠርቶ፣ «ይኸው ያው አውሮፕላን» ብሎ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ስሙ የሞተው ሰው፣ ገላው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ! ሲበር ደስ እንደሚል አልክድም፤ እኔም አንጋጥጬ አይቻለሁ። ምስክር ነው ሲሉኝ ግን አልቀበልም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለእንግሊዞች ተቆርቁሬ አይደለም። የእኛዋ «ፀሐይ» አለችና ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር እዚሁ አገራችን የሠራት፣ በንጉሡ ልጅ በልዕልት ፀሐይ የተሰየመች አውሮፕላን። ወራሪው ወሰዳት፤ ከሮም በስተሰሜን ብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት ቆመች። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 ጣሊያን ከጥቅምት 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ታሪካዊ ዕቃ በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ያዝ ነበር። «ፀሐይ»ን የተረከብናት በጥር 2024 ነው። ለአሥራ ስምንት ወር፣ ሰባ ሰባት ዓመት!

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ አብሮ አደጌ ደወለልኝ። ደስታው በስልክ ይሰማል። «እንግዲህ አዲስ ቀለም ቀብቶ ማንጸባረቅ ነው!» አለኝ። ክው አልኩ። በልጅነታችን አብረን የተሳለምነው ደብር ትዝ አለኝ፤ የጥንቱ ሥዕል ደብዝዟል ተብሎ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ተሸፍኖ፣ ቅዱሳኑ ሁሉ አንድ ፊት ይዘው የቀሩበት።

«የለም፣ ወንድሜ» አልኩት። «እሷ ላይ የቬበር እጅ ብቻ አይደለም ያለው። ብሎኑን ያጠበቀ፣ እንጨቱን የላገ፣ ሸራውን የወጠረ የአገርህ ሰው አለ። የዚያ ሰው ስም በጋዜጣ አልወጣም፤ መዶሻው ያሳረፈው ምልክት ግን ሊኖር ይችላል። ጣሊያኖቹም የነካኩት ይኖራል፤ እሱም ይነበብ፣ የዘረፋው ደረሰኝ ነውና። መጀመሪያ እያንዳንዱ ቁጥር ይመዝገብ፣ እያንዳንዱ የቀለም ድርብ ፎቶ ይነሣ፤ ቪኛ ዲ ቫሌ ስለ እሷ የያዘው ወረቀት ሁሉ ቅጂው ይጠየቅ።»

ጥቂት ዝም አለና፣ «ታዲያ ልጆቹ ምን ይዩ? አሮጌ ሸራ?» አለኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌላ ይሠራላቸው አልኩት፤ በልኳ፣ በአምሳሏ፣ እንዳሻቸው ተቀብታ፣ ሊወጡባትና መሪዋን ሊያዞሩ የሚችሉባት። አጠገቧ ደግሞ እውነተኛዋ ትቁም፣ አይንኳት።

«ሁለት ‹ፀሐይ›?» ብሎ ሳቀ። ካርዱ አልቆ መስመሩ ተቋረጠ።