የቤት ውስጥ ኑሮ የሚታየው ከውስጥ ያለችው ስትናገር ነው

ፍሪጅ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የተከመረ ሳህን፣ ቴሌቪዥን ፊት የተኛ ልጅ። እነዚህን ነገሮች ከእናንተ ይበልጥ የሚያውቃቸው የለም። ስትወለውሉ፣ ስታጥቡ፣ ስትሰበስቡ ትውላላችሁ። ማታ አገር ቤት ስትደውሉ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ብትባሉ ግን ከአፋችሁ የሚወጣው «ያው የቤት ሥራ ነው» የሚል ነው። ሊነገር የሚገባው ነገር አይመስለንም።

ይህ «ያው» የምንለው ኑሮ ግን ክፈፍ ገብቶለት፣ ዋጋ ወጥቶለት በሰው ፊት የተሰቀለበት ጊዜ አለ። በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ፌሄሊ ፋይን አርትስ የሚባል አነስተኛ የሥዕል መሸጫ ጋለሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ይህ ጋለሪ አኒ ፑቱጉክ የተባለች ሠዓሊ ሥራዎችን ብቻዋን አቀረበ። አኒ ኢኑዊት ከሚባለው የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝብ የተወለደች ናት። አገሯ ያን ጊዜ ኬፕ ዶርሴት፣ ዛሬ ኪንጋይት የሚባለው በረዷማ መንደር ነው። አያቷ ፒትሲዮላክ አሹናም እናቷ ናፓቺም ስመ ጥር ሠዓሊዎች ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ከሰሜን የሚመጣ ሥዕል ሲባል ገዢው የሚጠብቀው የዋልታ ድብ፣ ወፍና አዳኝ ነበር። አኒ ግን በቀለም እርሳስ የሳለችው የምትኖርበትን ቤት ነው። ወለል ላይ ተቀምጦ የሚበላ ቤተሰብ፣ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው፣ የሱቅ ማቀዝቀዣ፣ የአያቷ መነጽር። የሚያሳፍረውንም አልደበቀችም። በ2002 ከሠራቻቸው ሥዕሎች አንዱ የሚያሳየው የትዳር ጓደኛውን የሚደበድብ ወንድ ነው። በር ተዘግቶ የሚፈጸመውን ነገር እሷ በእርሳስ አወጣችው።

ይህን የምናነሳው ሁሉም ሰው ሠዓሊ ይሁን ለማለት አይደለም። የቤት ውስጥ ኑሮ የሚታወቀው በውስጡ ያለ ሰው ሲናገር ብቻ ስለሆነ ነው። ከውጭ የሚያይ እንግዳ የሚያየው ያማረ ሳሎን ነው። ሳሎኑ በስንት ሰዓት ተነስቶ በማን እጅ እንዳማረ የምታውቀው ያማረችው እጅ ባለቤት ናት።

ከዚያች ትንሽ ጋለሪ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። እንዲህ ያሉ የሽያጭ ጋለሪዎች አሠራራቸው ግልጽ ነው። መግቢያ አይከፈልም። ሥዕሎቹ ለጥቂት ሳምንታት ይሰቀላሉ። ከሥዕሉ አጠገብ የሠራችው ሰው ስም ይጻፋል፤ ዋጋው በዝርዝር ይቀመጣል። ሥዕሉ ሲሸጥ ገንዘቡን ጋለሪውና ሠዓሊዋ ይካፈላሉ፤ ብዙ ጊዜ እኩል በእኩል ነው። በኪንጋይት ደግሞ የመንደሩ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥዕሉን ከሠዓሊዎቹ በቀጥታ ይገዛል። ሠዓሊዋ ወረቀቱን አስረክባ ገንዘቧን ተቀብላ ትሄዳለች፤ ቶሮንቶ ላይ ገዢ እስኪገኝ አትጠብቅም።

እስቲ ይህን ከራሳችሁ ኑሮ ጋር አስተያዩት። ሥራችሁን በየቀኑ ታስረክባላችሁ። የበላው በልቷል፣ የለበሰው ለብሷል። ደመወዙ ግን «የሚቀጥለው ወር አንድ ላይ ይሰጥሻል» ሲባል ስንቶቻችሁ ዝም ብላችኋል? መክተቡ ከአሠሪው ስንት እንደተቀበለ፣ በውላችሁ ላይ ምን እንደተጻፈ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ሥዕል እንኳ ስምና ዋጋ ይጻፍለታል። የሰው ጉልበት ከወረቀት ማነስ የለበትም።

አንድ እውነት ግን መሸፈን አንፈልግም። አኒ በ2006 ሶቢ የተባለውን የካናዳ ታላቅ የሥነ ጥበብ ሽልማት አገኘች፤ ገንዘቡ 50,000 የካናዳ ዶላር ነበር። በ2007 ሥራዎቿ ጀርመን ካስል ከተማ በሚካሄደው ዶኩሜንታ በተባለው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ ቀረቡ። በኋላ ግን ኑሮ ከበዳት። ኦታዋ ከተማ ውስጥ መጠለያ ያጣችበት ጊዜ ነበር፤ ሥዕሎቿንም መንገድ ላይ በርካሽ ትሸጥ ነበር። በመስከረም 2016፣ በ47 ዓመቷ፣ አስከሬኗ ከተማዋን በሚያቋርጠው ሪዶ ወንዝ ውስጥ ተገኘ። ጭብጨባ ብቻውን ሰውን አያኖርም። አጠገብ ያለ ሰው፣ የሚያስጠጋ ቤት፣ የሚሰማ ሕግ ያስፈልጋል። የአንዲት ሴት ሥራ ሲደነቅ ሴትየዋ ራሷ የት እንዳደረች የሚጠይቅ መኖር አለበት።

ወደ እናንተ ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ምሳሌም አለ። የፊሊፒንስ ዝርያ ያላት ካናዳዊቷ ስቴፋኒ ኮሚላንግ በ2016 «ሉማፒት ሳ አኪን፣ ፓራይሶ» የተባለ ፊልም ሠራች። ፊልሙ ሆንግ ኮንግ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ፊሊፒናውያን ሴቶችን ይከተላል። እሑድ ሲመጣ እነዚህ ሴቶች የከተማዋን መሃል ይሞሉታል። አስፋልት ላይ ካርቶን ዘርግተው ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ ቤተሰብ ጋ ይደውላሉ። ኮሚላንግ በ2019 ያንኑ የሶቢ ሽልማት ወሰደች፤ በ2025 ደግሞ ሥራዋ እዚሁ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ በሻርጃ ቢየናሌ ታየ።

ያ ፊልም የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በእሑድ። የእረፍት ቀን ባይኖራቸው ካሜራው የሚያያቸው ሴቶች አይኖሩም ነበር፤ እያንዳንዷ በየቤቷ ተዘግታ ትቀር ነበር።

የእረፍት ቀን ደግሞ የማዳም ስጦታ አይደለም። የኩዌት ሕግ ቁጥር 68/2015፣ የኳታር ሕግ ቁጥር 15/2017፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አዋጅ ቁጥር 9/2022፣ ሁሉም ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ያዛሉ። ሕጉ ተጽፏል፤ በብዙ ቤቶች ግን ከበሩ አላለፈም። ለዚህም ተጠያቂዎቹ አሠሪዎች፣ መክተቦችና ቁጥጥሩን የያዙ መሥሪያ ቤቶች እንጂ ፈርታ ዝም ያለችው ልጅ አይደለችም። ኤምባሲዎቻችንም ዜጋቸውን የሚያስታውሱት አስከሬን ሲሸኙ ብቻ መሆን የለበትም። የእረፍት ቀን መከበሩን ችግር ሳይመጣ መጠየቅ ሥራቸው ነው።

ከእናንተ በኩል ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ ያያችሁትን መዝግቡ። ተጠንቀቁ፣ በስልክ አይሁን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሰውን ቤትና ቤተሰብ ያለ ፈቃድ ቀርጾ ማሰራጨት ያስከስሳል፤ በቲክቶክ የተለቀቀ አንድ ቪዲዮ ተበዳይዋን ራሷን ተከሳሽ ሊያደርጋት ይችላል። የአኒ መሣሪያ ግን ካሜራ ሳይሆን ወረቀትና እርሳስ ነበር። ደብተርና እስክሪብቶ ለእናንተም ይበቃል። ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን፣ ደመወዝ የተቀበላችሁበትንና የቀረበትን ወር፣ የተነሳችሁበትንና የተኛችሁበትን ሰዓት፣ የተከለከላችሁትን የእረፍት ቀን ጻፉ። መጻፍ የማትችል ጓደኛ ካለች ጻፉላት። ደብተር ብቻውን ፍርድ አያስገኝም፤ ነገር ግን አቤቱታ ይዛችሁ ስትቀርቡ «መቼ? ስንት ወር?» የሚለው ጥያቄ አፍ አያስይዛችሁም።

የዘጠኝ ወር ደመወዝ ከቀረባት ሴትና በየወሩ ከጻፈች ሴት ማን ይበልጥ እንደሚሰማ እናውቃለን። ክፉውን ብቻ ሳይሆን ደጉንም ጻፉ። ያሳደጋችሁት ልጅ የመጀመሪያ ቃሉን በአማርኛ ከተናገረ እሱንም ጻፉት። ነገ ልጆቻችሁ «እማዬ፣ እዚያ ምን ስትሠሪ ነበር?» ሲሏችሁ «ያው የቤት ሥራ» ከሚል መልስ የተሻለ የምታሳዩአቸው ይኖራችኋል።