ከደጅ የተከፈተ ቤት

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ የ6 ዓመት ግጥሞቼን በእጄ ይዤ ማንበብ ተስኖኝ ሰነበትኩ። ቀን ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ ማታ የምጽፍበት ታብሌት፣ አንድ ምሽት አርማውን አሳይቶ ከዚያ ወዲያ አልነሣ አለ። እዚህ አዳማ የደረስኩባቸው ጠጋኞች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ፎርማት ይደረግ!» ፎርማት ማለት መሣሪያው ይድናል፣ ግጥሙ ይሞታል ማለት ነው። ሌላ ቅጂ አለማስቀመጤ የራሴ ስንፍና ነውና በማንም አላማርርም።

የደረሰልኝ የባልደረባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ የተበላሸው ማስነሻው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ ላይነካ ይችላል» አለኝና ከኪሱ አንዲት ፍላሽ አወጣ። ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓት ጭኖባታል። ፍላሿን ሰክቶ፣ የድምፅ መቀነሻውን ተጭኖ እንደያዘ ማብሪያውን ነካው። ታብሌቱ የታመመውን የራሱን ሥርዓት ትቶ ከፍላሿ ተነሣ። ስክሪኑ ለጣት አልታዘዝ ቢል ኪቦርድ ቀጠለበት። ግጥሞቼ አንድም ሳይጎድል እንደተደረደሩ ነበሩ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለተካተተ፣ በማላውቀው ሥርዓት ላይ እንኳ ሀሁዬ ሳይዛባ ተነበበልኝ።

ደስታዬን ያደበዘዘው ልጁ ቀጥሎ የነገረኝ ነው። ይህ የተሳካው ታብሌቱ በዊንዶውስ የሚሠራ፣ ማኅደሩም ያልተመሰጠረ በመሆኑ ነው። አብዛኞቹ የአንድሮይድ ታብሌቶች ማስነሻቸው ስለሚቆለፍ ከፍላሽ አይነሡም፤ ቁልፉ ይከፈት ቢባል እንኳ በአብዛኛው በውስጣቸው ያለው ሁሉ ይጠፋል። አይፓድማ ከነጭራሹ አይፈቅድም።

ውድ አንባብያን፣ እኔ የቁልፍ ጠላት አይደለሁም። የባንክ ካዝና የሚከፈተው በሁለት ሰዎች እጅ ባሉ ቁልፎች ነው፤ ጥበቃ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሰረቀኝ ሌባ ሁሉ በፍላሽ ከፍቶ ምስጢሬን እንዲያነብብኝም አልሻም። ለዚህ መድኃኒቱ ማኅደሩን መመስጠር ነው፤ የምስጢሩ ቁልፍ ግን በእኔ እጅ ይቀመጣል። የምቃወመው ገንዘቡን የከፈለው አንዱ፣ ቁልፉን የያዘው ሌላው መሆኑን ነው።

ለዚህ ክርክሬ ምስክር የምጠራው ከጎረቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት፣ ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው ወለንጪቲ አካባቢና በወንጪ ለሚኖሩ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። አንድ ሰው በየሳምንቱ እየመጣ የማስታወሻ ካርዶቹን ይቀይር ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፣ ካሜራው ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ ግን በ5 ወር ውስጥ መሣሪያው ካሜራ እንዳለው ደርሰውበት ራሳቸው ከፈቱት። ሰዎች ይህንን ሲሰሙ በልጆቹ ብልህነት ተደነቁ። እኔ ደግሞ የተሰጣቸውን ስጦታ የራሳቸው ያደረጉት በዚያች ቀን ይመስለኛል።

እኛ የብዕር ሰዎች ስለ ወረቀትና ስለ ቀለም እንጨነቅ ነበር፤ ዛሬ ስለ ማስነሻም ልንጨነቅ ይገባል። ታብሌት ስትገዙ ስለ ካሜራው ጥራት ከመጠየቃችሁ በፊት «ቢታመም ከውጭ ይነሣልኛል?» በሉ። ከዚያም ዛሬውኑ ጽሑፎቻችሁን በሌላ ቦታ ገልብጡ። ፍላሿን ለልጁ መልሼለታለሁ፤ የራሴን ገዝቼ ከቁልፎቼ ጋር አንጠልጥያታለሁ። በዚያ በታብሌቱ ዝምታ ሰሞን በወረቀት የጫርኳት ስንኝ ይህች ናት፦

የጻፍኩት ግጥሜ በቤቱ ተቆልፎ፣
ደጅ ቆሜ አደርኩ ቁልፉን ሌላ ታቅፎ።