ኮዱን አትደብቁብን

«አፕ የሌለው አገልግሎት ኋላ ቀር ነው» የሚለው አስተሳሰብ በባንኩም በቴሌውም በመንግሥት ቢሮውም ሰፍኗል። አልቀበለውም። *805* ብሎ የአየር ሰዓት ካርዱን ቁጥር አስከትሎ በ# የሚዘጋ ሰው ምን እንዳዘዘ ያውቃል። ያቺ አንድ መስመር ወረቀት ላይ ትጻፋለች፤ ሐይቅ ከተማ ያለ ልጅ ገጠር ላለች እናቱ በስልክ ይነግራታል፤ ነገም እንደዛሬው ትሠራለች። አፕ ላይ ያለን ቁልፍ ግን እስቲ በቃል አስረዱ! አንዱን ማሻሻያ ሲጭኑት ቦታውን ይቀይራል።

ደቡብ ወሎ ውስጥ ላለው ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ጉዳዩ የምቾት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአብዛኛው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ዳታ ከሌለ አፕ አይንቀሳቀስም። እንደ ቴሌብር *127# ያለው አጭር ኮድ ግን ዳታ አይፈልግም፤ ጥሪ በሚያልፍበት ቦታ እሱም ያልፋል፣ በርካሽ በተን ስልክም ይሠራል። ወደ ውጫሌ ገበያ እህል ጭኖ የወረደ ገበሬ የሸጠበትን ገንዘብ የሚቀበለው በዚያ ስልክ ከሆነ፣ ኮዱን ችላ ማለት እሱን ችላ ማለት ነው። በአፕ ብቻ የሚገኝ ቅናሽ በታወጀ ቁጥር ደግሞ ስማርት ስልክ መግዛት ያልቻለው ሰው የበለጠ ይከፍላል።

የኮዱን ድክመት አልክድም። ምርጫውን አንብበው ሳይጨርሱ ይቋረጣል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕል ይሻላል። ስለዚህ አፕ ይሠራ፤ የምቃወመው ትዕዛዙን መሸፈኑን ነው። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል፦ አንሲብል በተባለው መሣሪያ ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ ጊዜ የሚያዘው ሰው ትዕዛዙን በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. በነፃ የተለቀቀው ኤደብሊውኤክስ ለዚህ ሥራ ቁልፍና ሠንጠረዥ ያለው ገጽ አመጣለት፤ የሚያስኬደው ግን ያንኑ ፋይል ነው። ገጹ ቢበላሽ ፋይሉ አለ፤ ሌላ ሰው አንብቦ ያርመዋል፣ ይደግመዋል።

የእኛም አፕ ሠሪዎች ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ኮድ በትንሹ ይጻፉ። አዲስ አገልግሎት ሲወጣም ከአፑ በፊት በኮድ ይውጣ፤ ከአዲስ አበባ ቢሮ ዋይፋይ ርቆ፣ አምባሰል ውስጥ፣ ዳታው በተዘጋ በተን ስልክ ይሞከር።