ደብተሩ ወይስ ጆሮው?

በየልምምድ ክፍላችን አንድ በሽታ ገብቷል። ጃዝ ልማር ያለ ሁሉ የኮርድ ደብተር ይገለብጣል፤ «ሁለት፣ አምስት፣ አንድ» እያለ እንደ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ ሶሎ ልጫወት ይላል። ኮርዱ ለምን ወደዚያ እንደሚሄድ ጠይቁት፤ «እንዲህ ነው የተጻፈው» ነው መልሱ። ኩረጃ ነው እንላለን፣ ሌላ ስም የለውም!

በወዲያ በኩል ደግሞ «ስሜት ይበቃል፣ ኮርድ የፈረንጅ ነው» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ብዙ ቃል አናባክንም። እሑድ ጠዋት ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ከአንዱ ጸሎት ቤት በር ላይ ይቁሙ፤ መዘምራኑና ኪቦርዱ ኮርድ ሲቀያይሩ ይሰማሉ። እንግዳ ከነበረም ቤተኛ ሆኗል።

ወደ ደብተረኞቹ እንመለስ። እስቲ ኮርዶቹን እንፍታቸው። በዶ ስንጫወት ሁለተኛው ሬ-ፋ-ላ-ዶ፣ አምስተኛው ሶል-ሲ-ሬ-ፋ፣ አንደኛው ዶ-ሚ-ሶል-ሲ ነው። አምስተኛውን ወደ ቤቱ የሚጎትቱት ሲና ፋ ናቸው፤ ሲ ወደ ዶ ትወጣለች፣ ፋ ወደ ሚ ትወርዳለች፤ ጆሮ «ደረስን» የሚለው ያኔ ነው። አሁን የሜጀር ትዝታን ድምፆች ቁጠሩ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ሲ የለችም። ፋም የለችም። ታዲያ ሞተሩ በሌለበት መኪናውን ከትዝታ ሥር መግፋት ምን ይባላል? ወይ ዜማው ይበረዛል፣ ወይ ኮርዱ ብቻውን ይሮጣል።

ጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ለንደን፣ ቀጥሎም ቦስተን በርክሊ ተምረዋል፤ ኮርድ ጠፍቷቸው አይደለም። ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ያስቀረጹትን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ስሙ፤ የአገሩ ቅኝት ከፊት ይሄዳል፣ ሌላው ይከተላል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ኮርድ ማሳደዱ ሰልችቷቸው ነበር፤ ማይልስ ዴቪስ በ1959 «ሶ ዋት»ን 32 ባር ሙሉ በሁለት ኮርድ ተጫወተው።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብለን አራቱን ስንሸመድድስ? ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው። የሀዲያና የከምባታ የሠርግ ዘፈን፣ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ሲመልስ፣ በየትኛው ድምፅ ላይ ያርፋል? ከመካከላችን ማን ጻፈው? ማንም! አንዱን ደብተር በሌላ ደብተር ተካን እንጂ።

ለሚቀጥለው ልምምድ እያንዳንዳችን ከሰፈራችን አንድ ዘፈን ይዘን እንምጣ። እናቶቻችንን እናስዘፍን፤ ድምፆቹን በዶሬሚ እንጻፍ፤ ዜማው የሚያርፍበትን ቤዝ ጊታሩ ይያዝ፤ ኮርዱም ከእነዚያው ድምፆች ይሠራ። በትዝታ ላ-ዶ-ሚ-ሶልና ዶ-ሚ-ሶል-ላ ያው አራት ድምፆች ናቸው፤ የሚለያቸው ቤዙ ነው። ሶሎው ከዚያ ይጀመር።