«መልሱ ስንት ነው?» ለምትሉ ወንድሞችና እኅቶች

ፈተና በተቃረበ ቁጥር በየመኝታ ቤታችን ከምንሰማው ሁሉ የሚበዛው «መልሱ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉበት አንድ እኩልታ ሲቀርብልንም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ስሕተታችን ከዚህ ይጀምራል።

መቼም ሻይ ቤት የማይሄድ ተማሪ የለም። ሻይ 15 ብር፣ ዳቦ 10 ብር፣ በኪሳችን ያለው 60 ብር ነው እንበል። የሻዩን ብዛት ሀ፣ የዳቦውን ለ ብንለው፣ 15ሀ + 10ለ = 60 ይሆናል። አራት ሻይ ያለ ዳቦ፣ ሁለት ሻይ ከሦስት ዳቦ ጋር፣ ወይም ስድስት ዳቦ በደረቁ፤ ሦስቱም መልስ ናቸው። ሻዩንም ዳቦውንም እንደ ልብ ከፋፍሎ የሚሸጥ ቢገኝማ መልሱ ማለቂያ አይኖረውም። በግራፍ ወረቀት ላይ የምናሰምረው ቀጥ ያለ መስመር እነዚህ ጥንዶች ሁሉ የተሰለፉበት ነው።

ከዚህ የባሰብን ግን «ኤፍ ኦፍ ኤክስ» ነው። ይህን አጻጻፍ ኦይለር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1734 ተጠቀመበት፤ እኛ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት እየደገምነው፣ ቅንፍ ባየን ጊዜ ሁሉ ማባዛት ይመስለናል። እስቲ በፊደላችን ፈ(ሀ) ብለን እንጻፈው። ፈ ደንብ ነው፤ ቁጥር ሲሰጡት ቁጥር ይመልሳል። ከጃንዋሪ መባቻ እስከ ጳጉሜን ማለቂያ የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ለመመለስ 8 እንደምራለን (ከመስከረም እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው)። እንግዲህ ፈ(ሀ) = ሀ + 8፤ ፈ(2010) = 2018። እዚህ ላይ ማባዛትን ምን አመጣው?

ካልኩለስ ክፍል ገብተን ፈ(ሀ + 1) ሲጻፍልን ግን ስንቶቻችን ነን ፈ(ሀ) + ፈ(1) ብለን የምንበትነው? በ2010 ላይ አንድ ዓመት ቢጨመር የፈረንጁ 2019 ነው። በእኛ አበታተን ግን ፈ(1) = 9 ስለሚሆን 2027 ላይ እንደርሳለን፤ 8ን ሁለት ጊዜ ደምረናታልና! በዚህች ስሕተት ሴሚስተሩን ሙሉ የሚንገላታ፣ ሒሳብ አልተፈጠረልኝም ብሎ የትምህርት ክፍሉን የሚለውጥ ጓደኛ አለን።

ስለዚህ ነባር ተማሪዎች ሆይ፣ አዲሶቹን ለማስጠናት ስትቀመጡ የአምናውን ፈተና መልስ ማደሉን ተዉትና አስቀድማችሁ «ፈ(2) ምን ማለት ነው? በአማርኛ ንገረኝ» በሉ። መናገር ያቃተው ካለ፣ በቀመሩ አትለፉት፤ ከሻይና ከዳቦው ጀምሩለት።