ቃልን ስለ ማረምና ቃልን ስለ መፋቅ

አባቶች «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ማለታቸው ልጅን አቅልለው አይደለም፤ ቃል የሰው ማሰሪያው መሆኑን አክብረው ነው እንጂ። ዛሬ ግን ስለ ዝናምና ስለ ድርቅ በሚነሣው ክርክር ይህ ምሳሌ የተረሳ ይመስላል። ሰው በማለዳ ተቈጥቶ ይጽፋል፤ መልስ ሲሰጡት በማታ ፍቆ «ይህን አላልሁም» ይላል። የመለሰለትም ሰው ጠላት በሌለበት ሜዳ ጦር እንደ ወረወረ ሆኖ መሳቂያ ይሆናል።

ነገሩ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ለነበረችው ለጭሮ፣ ለሒርናና ለበዴሳ፣ ለሚኤሶም ሰው የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ባጐደለ ጊዜ የምዕራብ ሐረርጌ ማሽላ በማሳው ላይ ደረቀ፤ በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። ስለ ምክንያቱ አንዱ የደንን መመንጠር፣ ሁለተኛው የባለጸጎችን አገሮች ጢስ፣ ሦስተኛው ኤል ኒኞ የተባለውን የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ያነሣል። ያንን ድርቅ የመረመሩ ሊቃውንት ኤል ኒኞ ዝናሙን እንዳሳነሰ አሳዩ፤ የዓለም ሙቀት መጨመር በዚያ ድርቅ ላይ የነበረውን ድርሻ ግን ለይተው ለማየት እንዳልቻሉ ጻፉ። እንዲህ በረቀቀ ነገር መሳሳት ነውር አይደለም። ነውሩ የስሕተትን ፍለጋ ማጥፋት ነው። በመካሪው ቃል ተመርቶ ማሽላውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ቢኖር፣ መካሪው ቃሉን በፋቀ ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ በገበሬው ራስ ላይ ብቻ ይቀራልና።

«ሐሰት ተጽፎ ከሚቀር ቢጠፋ አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። ሐሰትስ ይታረም፤ ነገር ግን ማረም ሌላ፣ መሸሸግ ሌላ ነው። የብራና ጸሐፊ ቃል የዘለለ እንደ ሆነ በመስመሩ መካከል ወይም በኅዳጉ ይጨምረዋል፤ ቢፍቅም የብራናው መሻከር ይመሰክርበታል። በቅኔ ቤትም ደቀ መዝሙሩ አገባብ ቢስት መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያቀናለታል፤ ሰሚውም ከስሕተቱ ጭምር ይማራል።

በውጭው ዓለምም ምስክር አለ። የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ባወጣው መጽሐፍ፣ የሂማላያ በረዶ እስከ 2035 ሊጠፋ እንደሚችል ጽፎ ነበር። ማስረጃው ደካማ መሆኑ በተገለጠ ጊዜ፣ በጥር ወር 2010 ስሕተቱን በግልጥ አመነ። ተቃዋሚዎች ተሳለቁበት፤ ቢሸሽገው ኖሮ ግን ከመሳለቅ አልፈው የቀረውን እውነት ሁሉ ባስካዱ ነበር።

እንግዲህ የጨዋ ተከራካሪ ሥርዓት ይህ ነው። መልስ ሳይሰጠው በፊት ቃሉን እንደ ወደደ ያቅና። መልስ ከተሰጠው በኋላ ግን የፊተኛውን እንዳለ ትቶ፣ እርማቱን ከነቀኑ በግርጌው ይጻፍ። ስድብ ወይም የሰው ስም ማጥፋት የሆነውን ያንሣ፤ ነገር ግን ማንሣቱን ይናገር፣ የተሰደበውንም ይቅርታ ይለምን። የጉባኤው ሰብሳቢም የሌላውን ቃል ሲያስወጣ ምክንያቱን ይግለጥ፤ የሚጠላውን አሳብ ፍቆ የሚወደውን የሚያስቀር ሰብሳቢ ዳኛ ሳይሆን ባለጋራ ነውና።

ተሳስቶ የታረመ ሰው ነገ ዝናም ይመጣል ቢል የሚያምነው ያገኛል። ቃሉን የሚፍቅ ሰው ግን እውነቱን በተናገረ ቀን እንኳ፣ ገበሬው ዘሩን ከጎተራ አያወጣለትም።