ውሃ ለሚቸግረው ከተማ ምን አበባ?

አምና በጥር ከሁለቱ ከተሞቻችን በአንዱ ያየነው ነው (ወልቂጤ ይሁን ቡታጅራ ይቅር፣ ጠብ አንፈልግም)። ክረምት ላይ በፎቶና በጭብጨባ የተተከለው የመንገድ ዳር አበባ ግማሹ ጭራሮ ሆኗል። ለተረፈው ቦቴ መጥቶ ውሃ ያጠጣል። ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ወረፋ የሚጠብቁ እናቶች ደግሞ ቆመው ያያሉ…

በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ሰው ውሃ ልጠይቅ ብሎ አደባባይ ወጥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ አበባ ስንመርጥ «ያምራል ወይ?» ብቻ ማለት አይበቃንም። «ስንት ይጠጣል?» ማለትም አለብን።

«እንግዲያው አበባው ይቅር» የሚሉ ወዳጆች አሉን። አንስማማም። ውሃ የቸገረው ሰው ዓይኑ ውበት አይርበውም ያለው ማነው? እኛ የምንለው፦ ቡገንቪሊያ ትተከል!

ቡገንቪሊያ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ናት። በፈረንሳዊው መርከበኛ ቡገንቪል ስም ተጠራች። እ.ኤ.አ. በ1767 ሪዮ ዴ ጄኔሮ የደረሰው የእሱ ጉዞ የዕፅዋት ሊቅ ኮሜርሶን ነበረው፤ የሊቁ ረዳት ደግሞ ዣን ባሬ የምትባል፣ ወንድ መስላ መርከብ የተሳፈረች ሴት ነበረች። አበባዋ ግን በአለቃው ስም ተጠራ። (ይሄ ነገር ያስቃል ወይስ ያናድዳል?)

ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚያምረው አበባዋ ሳይሆን ቀለም የለወጠ ቅጠሏ ነው። እውነተኛ አበባዋ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት። ሥር ከሰደደች በኋላ ድርቅ ትችላለች፤ እንዲያውም ውሃ ሲበዛባት ቅጠል ብቻ ታወጣና አበባ ትነፍጋለች። ከሁሉም በላይ የምትፈልገው ሙሉ ፀሐይ ነው። ፀሐይ ደግሞ ወረፋ የለውም።

ችግኝ መግዛትም አያስፈልግም። እርሳስ የሚያክል የጠነከረ ቅርንጫፍ፣ ስንዝር ያህል፣ ከአንጓው ሥር አግድም ቁረጡ። ቅጠሉን አራግፉ። ሥሩ በተበሳ ሃይላንድ ውስጥ አፈርና አሸዋ ቀላቅላችሁ ትከሉት፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ሁለት ሦስት ወር ታገሱ። ወደ መሬት ስታዛውሩት አፈሩን ከሥሩ እንዳታራግፉ፣ ሥሯ ስስ ነው። ግንቦት ላይ ከተጀመረ ክረምቱ ራሱ ያሳድጋታል።

ይህ ለጉራጌ እናት አዲስ ትምህርት አይደለም። እንሰትን ከዘር ሳይሆን መሃሉ ከተቦረቦረ አሚቾ የምታባዛ፣ ከአንድ ጉድጓድ ብዙ ችግኝ የምታወጣ እሷ ናት። ታዲያ የከተማ አበባ ሲተከል ለምን እሷን የሚጠይቅ የለም? ጀፎረንም አስቡት፤ ያ ሰፊ ሣር ያለው የመንደር መንገድ የቆየው በቦቴና በበጀት ሳይሆን በሠፈሩ ሰውና በባህል ሕግ ነው። የአስፋልቱ ዳርም ደጁ ላለ ሰው ቢሰጥ፣ ሁለት ቡገንቪሊያ ማን ያቅተዋል?

እኛ አምና ስድስት ሃይላንድ ሞክረን አራቱ ጸድቀዋል። ሁለቱን የገደልናቸው ራሳችን ነን፣ ውሃ አብዝተን። በመጪው ግንቦት እናቲቱን ስንከረክማት ቅርንጫፉን አንጥልም። የቡታጅራ ልጆች፣ ሃይላንድና ጓንት ይዛችሁ ብቅ በሉ። ጓንቱን እንዳትረሱ፣ እሾኋ አይምርም።